«ዶክተሩ እኔ ነኝ!» ናርሲሲዝም በሕክምና ሠልጣኞች ላይ

ናርሲሲዝም የሚለውን ቃል ስለ ፍቅርና ትዳር በሚያወሩ ቪዲዮዎች ላይ ሳትሰሙት አትቀሩም። ዛሬ ግን ወደ እኛው ቤት፣ ወደ ሕክምና ሥልጠና ላምጣው።

📌 ምንድን ነው?
ራስን ከልክ በላይ ማግዘፍ፣ ሁልጊዜ መደነቅ መፈለግና ለሌላው ስሜት ግድ ማጣት ነው። ጠባዩ በመጠኑ ብዙዎቻችን ላይ አለ። «የስብዕና መታወክ» የሚባለው ግን ከ9 መለያ ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ ሲታዩ፣ ለዓመታት ሲቆይና ኑሮን ሲያበላሽ ነው። ይህን የሚለየው የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንጂ ቲክቶክ አይደለም 🙂

📌 ከሥልጠናው ጋር ምን አገናኘው?
ገና ተማሪ ሳለን ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለናል። ሆስፒታል ስንገባ ደግሞ መሰላል አለ፦ ተማሪ፣ ኢንተርን፣ ሬዚደንት፣ ሲኒየር። ራውንድ ላይ በታካሚ ፊት የተሰደበ ሰው ተራው ሲደርስ ታናሹን ሊሰድብ ይችላል። እኔ ስማር ከሁሉ የሚከብደው ቃል «አላውቅም» ነበር።

⚠️ ልብ በሉ፦ ዲዩቲ ያደረ ኢንተርን ስለተነጫነጨ ብቻ ናርሲሲስት አይባልም። ድካም እረፍት ሲገኝ ይለቃል።

📌 ታካሚን እንዴት ይጎዳል?
አንዲት እናት ትኩሳት ያለበትን ልጇን ይዛ ከአበርገሌ ሰቆጣ መጣች እንበል። የምትናገረው ኽምጣና ነው፤ ከሌላ አካባቢ የመጣው ሐኪም አይሰማውም። ቋንቋውን የምታውቀው ነርስ «ዶክተር፣ ልጁ ተከዜ ዳር ቆላ ሰንብቶ ነው የመጣው፤ የወባ ምርመራ ብናሠራለትስ?» ትላለች። ጥሩ ሐኪም «አመሰግናለሁ፣ ይሠራለት» ይላል። የታበየው «ዶክተሩ እኔ ነኝ!» ይላል። ከባድ ወባ ደግሞ ሕፃንን በአጭር ጊዜ ሊገድል ይችላል። ነርሷም በሚቀጥለው ቀን እያወቀች ዝም ትላለች። ትልቁ አደጋ ይሄ ዝምታ ነው።

በቡድን መሥራት ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር።

✅ ምን እናድርግ?
🔹 ታካሚዎች፦ «ሕመሜ ምንድን ነው? መድኃኒቱ ለምንድን ነው? ምን ሲሰማኝ ልመለስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቋንቋው ካልገባችሁ የሚያስተረጉም ሰው ጠይቁ። መብታችሁ ነው።
🔹 ሠልጣኞች፦ ነርስ ወይም ታናሽ ሲያርማችሁ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ንዴት ነው? ይህ ከተደጋገመ ባለሙያ አማክሩ። ለናርሲሲዝም ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ ዋናው ሕክምና የንግግር ሕክምና ነው።
🔹 ሲኒየሮቻችን፦ በተማሪ ፊት «አላውቅም፣ አብረን እንየው» በሉ። ከእናንተ የሰማ ተማሪ ራሱም ለማለት አይፈራም።

በራስ መተማመን ለሐኪም ያስፈልጋል። ግን የሚተማመን ሐኪም ሲጠየቅ አይቆጣም። መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል ይባል የለ?

ነጭ ጋዋን ለሚለብስ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።