ዶርም ወይስ የኪራይ ቤት? ሂሳቡ በወር ሳይሆን በትምህርት ዓመት ይታሰብ

ነሐሴ ሲጋመስ በስድስት ኪሎ፣ በሽሮ ሜዳና በቱሉ ዲምቱ የቤት ደላሎች ሥራ ይበዛባቸዋል። ልጁን ኮሌጅ የሚያስገባ ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ክፍሉ በወር ስንት ነው?» ብሎ ነው፤ ደላላውም የወሩን ዋጋ ይነግረዋል። ይሁንና ሁለቱ የሚስማሙበት ቁጥርና ዓመቱ ሲያልቅ ከወላጁ ኪስ ወጥቶ የሚገኘው ገንዘብ በጣም ይራራቃሉ። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለወላጁም፣ ቤቱን ገዝቶ ለተማሪ ለማከራየት ለሚያስበውም ባለሀብት ይጠቅማል።

በቅድሚያ የዶርሙ ዋጋ ይታይ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዶርም ነፃ ነው የሚለው አባባል በሰፊው ቢነገርም ትክክል አይደለም። ከ1996 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት መደበኛ ተማሪ የምግብና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ተማሪው በየዓመቱ ውል ይፈርማል፤ የሚጠቀምባቸው አገልግሎቶችም በውሉ ላይ ተለይተው ይሞላሉ። ክፍያው የሚመጣው ከምረቃ በኋላ ከደመወዝ እየተቀነሰ ነው። ስለዚህ ዶርም ማለት በዱቤ የተወሰደ አልጋ ነው።

ነገር ግን ጥሩ ዱቤ ነው። ለመኝታ የሚመዘገበው ሂሳብ የሰፈሩን የኪራይ ገበያ ተከትሎ አይወጣም፤ ከገበያው በእጅጉ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ዕዳው የተጻፈው በብር ነው። በ2014 ዓ.ም. እንደታየው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ በሚሆንበት ዓመት የቆየ የብር ዕዳ ያለው ሰው ሸክሙ ይቀልለታል። እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ የሆነ ተቋም የራሱን የክፍያ መጠን ሊወስን ስለሚችል በእንዲህ ያለው ቦታ ወላጁ የተቋሙን ዋጋ ጠይቆ ማስላት ይኖርበታል።

ምግቡ ለብቻው መታየት አለበት። ለረጅም ጊዜ ለአንድ ተማሪ በቀን 15 ብር፣ በኋላም 22 ብር የነበረው የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ከግቢው ካፌ የማይመገብ፣ በተማሪዎች አጠራር «ነን ካፌ» የሆነ፣ ገንዘቡን በእጁ ይቀበላል። በ30 ቀን ሲሰላ 3,000 ብር ነው። ይህን ገንዘብ እንደ ገቢ ቆጥሮ ለቤት ኪራይ ማዋል የሚቃጣው ተማሪ ጥቂት አይደለም፤ ግን የወጪ መጋራት ውሉ ምግብንም ስለሚመዘግብ የተበላው በኋላ የሚከፈል የራሱ ገንዘብ ነው። ዛሬ ለኪራይ ካዋለው ደግሞ የሚበላው ከየት ይመጣል?

አብዛኞቹ የግል ኮሌጆች ዶርም የላቸውም፤ ለማታና ለእረፍት ቀን ተማሪም አልጋ አይሰጥም። እነዚህ ምርጫ ስለሌላቸው የሚቀራቸው ኪራዩን በትክክል ማስላት ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል ሦስት ተማሪዎች አንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም በወር 9,000 ብር ቢከራዩ ለእያንዳንዱ 3,000 ብር ይደርሰዋል። የትምህርት ዓመቱ አሥር ወር ገደማ ስለሆነ ወላጅ 30,000 ብር ብሎ ይደመድማል። አከራዩ ግን ክረምቱንም ያስከፍላል፤ ስለዚህ የዓመቱ ኪራይ 36,000 ብር ይሆናል። ለመብራት፣ ለውሃና ለጥበቃ በወር 400 ብር ቢታሰብ በአሥር ወር 4,000 ብር፣ ለደላላ 1,000 ብር፣ ፍራሽ፣ ምድጃና የዕቃ መደርደሪያ 8,000 ብር ፈጅቶ ለአራት ዓመት ቢከፋፈል በዓመት 2,000 ብር። ድምሩ 43,000 ብር ነው። ተማሪው በሚማርበት በእያንዳንዱ ወር ሲካፈል 4,300 ብር እንጂ 3,000 አይደለም።

ይህ ሁሉም ነገር በሰላም ሲሄድ ነው። ከሦስቱ አንዱ በስድስተኛው ወር ዊዝድሮው ቢሞላ ወይም ዘመድ ቤት ቢገባ የቀሩት ሁለቱ ለስድስት ወር 4,500 ብር ይከፍላሉ። ለእያንዳንዳቸው 9,000 ብር ይጨመራል፤ የዓመቱ ወጪ 52,000 ብር፣ የትምህርት ወሩ 5,200 ብር ይሆናል። በዶርም ውስጥ የጎረቤት አልጋ ባዶ ቢሆን የሚጎዳ የለም። በጋራ ኪራይ ግን የጓደኛ ውጤትም የራስ ወጪ ነው።

ራቅ ብሎ ርካሽ ክፍል መያዝም መላ የሚመስለው ለጊዜው ነው። ኪራዩ በ1,000 ብር የቀነሰለት ተማሪ በቀን 60 ብር ለታክሲ ቢያወጣ በ22 የትምህርት ቀን 1,320 ብር ይሆናል። ቤተ መጻሕፍት አምሽቶ ሲወጣ ታክሲ ማጣቱ በዚህ ውስጥ አልገባም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በዚህ ስሌት ላይ ለውጥ አምጥቷል። ቀድሞ የሦስትና የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ የተለመደ ሲሆን አዋጁ ከሁለት ወር በላይ እንዳይጠየቅ ከልክሏል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ የሚፈረመውም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፤ ጭማሪም አከራዩ ባሰኘው ጊዜ የሚደረግ አይደለም። ለተማሪው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በላይኛው ምሳሌ የስድስት ወር ቅድሚያ 54,000 ብር የሚጠይቀው በር አሁን 18,000 ብር ይዞ ይከፈታል። ደላሎች ግን አሁንም «በቃል ይሁን» የሚል ሃሳብ ሲያቀርቡ ይሰማል። በቃል የተከራየ ተማሪ ክረምቱን ቤተሰቡ ጋ አሳልፎ ሲመለስ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቢያገኘው የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም።

ባለሀብቱስ? ለተማሪ ማከራየት ያዋጣል የሚለው ወሬም የሚነሳው ከዚያው ከወሩ ቁጥር ነው። ያው ስቱዲዮ ለሦስት ተማሪዎች በአልጋ 3,500 ብር ሂሳብ ቢከራይ በወር 10,500 ብር ያስገባል። አንድ ባለ ትዳር 8,000 ብር ቢሰጥ የሚመርጠው አይኖርም። ነገር ግን ተማሪዎቹ ለክረምት አንከፍልም ካሉ የአሥር ወሩ ገቢ 105,000 ብር ነው። ለቀለም፣ ለቧንቧና ለበር ቁልፍ 12,000 ብር ቢወጣና አንድ አልጋ ለአንድ ሴሚስተር፣ ማለትም ለአምስት ወር፣ ባዶ ቢውል 17,500 ብር ቢቀነስ የሚቀረው 75,500 ብር ነው። ባለ ትዳሩ በ12 ወር 96,000 ብር ይከፍላል፤ በየዓመቱ ቀለም የመቀባት ጣጣም ያን ያህል የለበትም። የኪራይ ገቢ ግብሩ በሁለቱም በኩል ስላለ ከማነፃፀሪያው ተትቷል።

ሦስቱ አልጋዎች ዓመቱን በሙሉ ከተያዙና ክረምቱም ከተከፈለ ግን ገቢው 126,000 ብር ነው፤ የእድሳቱ 12,000 ብር ተነሥቶለትም 114,000 ብር ይቀራል። ስለዚህ ለተማሪ በሚከራይ ቤት ላይ አትራፊና ኪሳራ የሚለዩት በክረምቱ ሁለት ወር ነው። በግቢ አቅራቢያ ቤት ለመግዛት የሚደራደር ሰው ሻጩን የወሩን ኪራይ ከመጠየቁ በፊት ያለፈው ዓመት ሐምሌና ነሐሴ ማን እንደከፈለ፣ የተመዘገበ ውልም እንዳለ ቢጠይቅ ለዋጋ ክርክሩ የተሻለ ማስረጃ ያገኛል።