ቡና ያወቀ እጅ ጎመን አያቅተውም

በጅማ ዙሪያ፣ በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ያለ ገበሬ የለቀመውን እሸት ቡና ከምሮ አያሳድርም። ክምር ቡና እንደሚሞቅና እንደሚሻግት ያውቃል። በማድረቂያ አልጋ ላይ ሳሳ አድርጎ ያሰጣዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ዝናብ ሲያስገመግም ሮጦ ይሸፍነዋል። በዚህ አገር ያደገ ልጅም ሥራውን ከቤቱ ተምሮታል። ታዲያ ያው ልጅ አድጎ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግርጌ ጅሬን ላይ ቤት ይዞ፣ ከሂርማታ ገበያ የገዛውን ጎመን በፌስታል እንደታሰረ ፍሪጅ ውስጥ ይወረውረዋል። በሦስተኛው ቀን ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ የሚያሟልጭ ሆኖ ሲያገኘው ፍሪጁን ይወቅሳል።

ወዳጆቼ፣ ሙያው አላችሁ! የጎደለው ከገበያ እንደገባችሁ የምትሰጡት አሥር ደቂቃ ብቻ ነው።

ጎመን ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል። ስኳሩን ያቃጥላል፣ ሙቀት ያወጣል፣ ውሃውን ይለቃል። የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ትንፋሹ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። በታፈነ ፌስታል ውስጥ የለቀቀው ውሃ ፕላስቲኩ ላይ ጤዛ ሠርቶ ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ቡናን እስከ ውስጡ ነው የምናደርቀው። ለጎመን ግን የውስጡን ውሃ እያቆየን የላዩን ብቻ እናደርቅለታለን።

ስለዚህ እስሩን ፍቱት። የቆሰለውንና ቢጫውን ቅጠል ለዩ፤ አንዱ የበሰበሰ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። አትጠቡት፤ መታጠቢያው የሚበስልበት ቀን ነው። የጅማ ዝናብ ብዙ ነውና ጎመኑ ከገበያም ርጥብ ሆኖ ይመጣል፤ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ውሃው እስኪጠፋ ጠብቁ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ወይም በሶፍት ጠቅልላችሁ፣ አፉ ገርበብ ባለ ፌስታል ታችኛው መሳቢያ ውስጥ አኑሩት። ጨርቁ ሲርስ ቀይሩለት። ቆስጣና ሰላጣም እንዲሁ ናቸው። የካሮት ቅጠሉ ግን ቶሎ ይቆረጥ፤ የሥሩን ውሃ ይመጥጥበታል።

ጅማ በአቮካዶ፣ በሙዝና በማንጎ የታደለች ናት። እነዚህ ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ዓይን የማያየው ጋዝ ይለቃሉ፤ ጋዙ ጎመንን ቢጫ ያደርጋል፣ ካሮትን ያመርራል። ከቅጠላ ቅጠል ጋር አንድ መሳቢያ አታስገቧቸው። አቮካዶው ውጭ ይብሰል፤ ሲለሰልስ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ቲማቲምም ጋዙን ይለቃል፣ ብርድም ጣዕሙን ይገድልበታል፤ ጠረጴዛ ላይ ይበቃዋል። ድንችና ሽንኩርት ፍሪጅ አያስፈልጋቸውም፤ አየር የሚያገኝ ጨለማ ቦታ ይስማማቸዋል፣ ያውም ለየብቻ።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ 60 በመቶው ከየቤቱ ነው። እኔን ይህ ቁጥር ያበረታኛል። ቁልፉ የእኛው ማድ ቤት ውስጥ ነውና፣ ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል። ረከሰ ብሎ ሦስት እስር ገዝቶ ሁለቱን መጣል ቁጠባ አይደለም፤ የምትበሉትን ያህል ግዙ።

ፍሪጅ የሌላችሁም አትዘኑ። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ ትንሹን ማሰሮ ትልቁ ውስጥ አስገብቶ፣ መሃሉን በርጥብ አሸዋ ሞልቶ፣ በርጥብ ጨርቅ ከድኖ አትክልት ያቆይ ነበር፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አስገኝቶለታል። ዘዴው የሚሠራው ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። በጅማ ክረምት አየሩ ራሱ ርጥብ ስለሆነ ብዙም አይረዳም፤ በበጋ ግን ሞክሩት።

ፍሪጅ ያላችሁ ደግሞ መብራት ሲጠፋ አትክፈቱት፤ ተዘግቶ ከቆየ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። መሳቢያው ውስጥ የጠወለገ ጎመን ካገኛችሁም ለመጣል አትቸኩሉ። ካልሻገተና ካላሟለጨ፣ የግንዱን ጫፍ ቆርጣችሁ ግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ቀና ሲል በዚያው ምሽት ክተፉትና ሥሩት።