ዓሣ ነባሪ ሲሞት ማን ይቀብረዋል?

ስለ ባሕር እንስሳት ስንማር «ዓሣ ነባሪ ሲሞት ማን ይቀብረዋል?» ብዬ ብጠይቅ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። መምህራችን ግን «መርምረህ ጻፍልን» አሉኝ፤ ያገኘሁትም ይህ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ሊቃውንት በካሊፎርኒያ አጠገብ፥ 1,240 ሜትር ያህል በሚጠልቅ የባሕር ወለል ላይ፥ ብዙ ፍጥረት የሰፈረበት የዓሣ ነባሪ አጽም አገኙ።

ሬሳው ሲሰጥም አስቀድመው ሻርኮችና ሌሎች ዓሦች ሥጋውን ይበላሉ። ቀጥሎ ትሎችና ሸርጣኖች ትራፊውን ይለቅማሉ። በመጨረሻም ባክቴሪያዎች የአጥንቱን ስብ ሲያፈርሱ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ፀሐይ በማይደርስበት በዚያ ጨለማ፥ ከዚህ ጋዝ ኃይል የሚያገኙ ሌሎች ባክቴሪያዎች ዛጎል ለበስ ፍጥረቶችን ይመግባሉ። ይህም ማዕድ ለብዙ ዐሥር ዓመታት ይቆያል።

እንግዲህ ዓሣ ነባሪን የሚቀብረው የለም፤ አንዱ ሬሳ ለብዙዎች ቀለብ ይሆናል እንጂ። ጓደኞቼ ሆይ፥ ያሳቀ ጥያቄ ሁሉ ከንቱ አይደለም።