ለቆየ የናፍጣ መኪና የሚስማማው ቺንጋ የትኛው ነው?

በብዙ አጥቢያዎችና ገዳማት የሚገኙት የጭነት መኪናዎች ረጅም ዘመን ያገለገሉ ናቸው። እህል ወደ ጎተራ፣ አሸዋና ድንጋይ ወደ ሕንፃ ሥራ ያመላልሳሉ፤ በበዓላት ጊዜም ምእመናንን ያጓጉዛሉ። የጥገናቸው ጉዳይ ወደ ሰበካ ጉባኤ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከዋጋ አንጻር ብቻ ነው። ከጋራዦች በተደጋጋሚ ከሚቀርቡት ሐሳቦች አንዱ «የድሮውን ባለ ቪ ቺንጋ አውጥተን እንደ አዲሶቹ መኪናዎች አንድ ሰፊ ቺንጋ እንግጠምለት» የሚል ነው። ይህን ሐሳብ ለመቀበልም ሆነ ላለመቀበል ኮሚቴው ጉዳዩን በመጠኑ ማወቅ ስለሚገባው በዚህ ጽሑፍ አብረን እናጠናዋለን።

የቺንጋው ሥራ

ቺንጋ ከክራንክ ሻፍቱ ፑሊ የሚነሣውን ኃይል ተቀብሎ የውኃ ፓምፑን፣ ፋኑንና ዲናሞውን ያዞራል። በአንዳንድ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ለፍሬኑ ረዳት የሚሆነው የቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ስለሆነ፣ እርሱም የሚዞረው በዚሁ ቺንጋ ነው።

እንግዲህ ቺንጋው ሲበጠስ በሞተሩ ውስጥ የሚዘዋወረው ውኃ ይቆማል፤ ባትሪውም መሞላቱን ያቋርጣል። የቫኪዩም ፓምፑ ከዲናሞው ጋር በሆነበት መኪና ደግሞ ፍሬኑ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ ይደነድናል። የድሮ ናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሣ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክም ስለሚሠራ፣ ቺንጋው ቢበጠስም ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም። በዳሽቦርዱ ላይ የበራውን የባትሪ ምልክት ያላየ ሾፌር ዳገቱን መውጣቱን ይቀጥላል፤ በመጨረሻም ቴስታታው በሙቀት ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ጭነት ይዞ ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ አልፎ የሰው ሕይወት ይነካል። ስለዚህ ቺንጋ ትንሽ ዕቃ ቢመስልም ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ሁለቱ ዓይነቶች

ባለ ቪ ቺንጋ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ ነው። ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለቱ ጎኖቹ ነው፤ ሲወጠር በፑሊው ቦይ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ይነክሳል። የታችኛው ፊቱ የቦዩን ወለል መንካት የለበትም። የቦዩ ወለል አብለጭልጮ ከታየ ቺንጋው ወለሉን እየነካ እንደሚንሸራተት፣ ቺንጋው ወይም ፑሊው እንዳለቀ እንረዳለን። ውጥረቱ የሚስተካከለው ዲናሞውን በመያዣው ላይ በማንቀሳቀስ ሲሆን በጥቂት ቁልፎች መንገድ ላይ መቀየር ይቻላል። ሁለት ቺንጋ ጎን ለጎን በሚሠሩበት ሞተር አንዱ ቢበጠስ ሌላው ለጊዜው ያደርሳል።

ሰፊው ቺንጋ ስስና ጠፍጣፋ ሆኖ በውስጥ ፊቱ በቁመቱ የሚሄዱ ብዙ ጥርሶች አሉት። ለምሳሌ «6ፒኬ1500» የሚል ጽሑፍ ቺንጋው 6 ጥርስና 1500 ሚሊሜትር ርዝመት እንዳለው ያመለክታል፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 3.56 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ቺንጋ በሁሉም ፑሊዎች ዙሪያ እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ በጀርባውም ሊያዞር ይችላል፤ በአብዛኛው ውጥረቱን የሚጠብቅለት በስፕሪንግ የሚሠራ መወጠሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከፎርድ ሙስታንግ ጀምሮ በቤት መኪናዎች ላይ እየተስፋፋ የመጣው፣ የማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰርና የመሪ ፓምፕ ሲጨመሩ የሞተር ክፍሉ ስለጠበበ ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ቦታ ይቆጥባል፣ በጥሩ ይዞታ ሥር ረጅም ጊዜ ያገለግላል፣ በየጊዜው መወጠርም አይፈልግም። ነገር ግን እርሱ ከተበጠሰ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቆማል። በፑሊዎች አሰላለፍ ላይ ያለ ትንሽ መዛነፍም ያስጮኸዋል፣ ጠርዙንም ይበላዋል። በጥርሶቹ መካከል የሚገባ ጠጠርና ጭቃም ያበላሸዋል።

መለወጥ ምን ይጠይቃል?

ለውጡ ቺንጋ ገዝቶ በማጥለቅ አይፈጸምም። በመጀመሪያ የክራንክ ሻፍቱ፣ የውኃ ፓምፑ፣ የፋኑና የዲናሞው ፑሊዎች በሙሉ መቀየር አለባቸው። ሁለተኛ፣ የአዲሶቹ ፑሊዎች የዙሪያ መጠን ከቀድሞው ጋር ካልተመጣጠነ ፋኑና ፓምፑ ዝግ ብለው ይዞራሉ፤ ሞተሩም በዳገት ይሞቃል። ሦስተኛ፣ የውኃ ፓምፑ በቺንጋው ጀርባ እንዲዞር ከተደረገ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞር ለዚያ የተሠራ ሌላ ፓምፕ ያስፈልጋል። አራተኛ፣ በአንዳንድ ሞተሮች የክራንክ ሻፍቱ ፑሊ የሞተሩን ንዝረት የሚያበርድ የጎማ ክፍል አለው፤ በተራ ፑሊ ቢተካ ክራንክ ሻፍቱ ለስብራት ይጋለጣል። በመጨረሻም መወጠሪያው በጠንካራ መያዣ ላይ በትክክለኛ መስመር መቆም ይኖርበታል።

ጥያቄውን በትክክል ማቅረብ

አንድ የገጠር ደብር አሮጌ የጭነት መኪና አለው እንበል። በሁለት ባለ ቪ ቺንጋ ይሠራል፤ ማቀዝቀዣ የለውም። ቺንጋው በየሦስት ወሩ ስለሚበጠስ ለውጡ ለጉባኤው ቀረበ። ጉባኤው «የትኛው ቺንጋ ይሻላል?» ከማለቱ በፊት «የሚበጠሰው ስለ ምን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። የፑሊው ቦይ አልቆ፣ የዲናሞው ኩሽኔታ ላልቶ፣ ዘይት እየነካው ወይም ፑሊዎቹ መስመር ስተው ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ሰፊው ቺንጋ አያድነውም፤ እንዲያውም ላለው የኩሽኔታና የመስመር ችግር እርሱ ይበልጥ ስስ ነው።

ስለዚህ የምንመክረው ይህን ነው። በባለ ቪ ቺንጋ የተሠራ ሞተር በዚያው ይቀጥል። በሰፊ ቺንጋ የተሠራ ሞተርም ወደ ኋላ አይመለስ፤ ይልቁንም መለዋወጫ ቺንጋና መወጠሪያ ይያዝለት። መለወጥ የሚታሰበው የሞተሩ አምራች ለዚያው ሞተር ያዘጋጀው ሙሉ ዕቃ ሲገኝና ተጨማሪ መሣሪያ መግጠም ግድ ሲሆን ብቻ ነው። በየጋራዡ ከተለያዩ መኪናዎች በተለቀመ ዕቃ የሚደረገውን ለውጥ ኮሚቴው ባይቀበል መልካም ነው።

የአጠባበቅ ሥርዓት

ቺንጋ የሚመረመረው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ቁልፉም ከወጣ በኋላ ነው። ሞተሩ እየሠራ ነጠላ፣ ቀሚስ ወይም ሰፊ እጅጌ የለበሰ ሰው አይጠጋ። በባለ ቪ ቺንጋ በሁለት ፑሊዎች መካከል ባለው ረጅም ስፍራ መካከሉን በአውራ ጣት ወደ 10 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ሲጫኑት፣ በብዙ ሞተሮች ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ይረግባል፤ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ልክ ካለው እርሱ ይጠበቅ። የላላ ይንሸራተታል፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ደግሞ የፓምፑንና የዲናሞውን ኩሽኔታ ይጨርሳል። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያ ስለሚለጠጥ ጥቂት ከሠራ በኋላ ዳግመኛ ይወጠር። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሠሩ ከሆነ አብረው ይቀየሩ፤ አንዱ ብቻ ቢቀየር አጭሩ አዲሱ ሸክሙን ለብቻው ይሸከማል። ቺንጋውን በብረት እየፈለቀቁ ማስገባት የውስጥ ክሮቹን ይበጥሳል፤ ዲናሞውን ማላላት ይገባል። የፑሊዎቹን መስመር ግንበኞች በሚጠቀሙበት የተወጠረ ሲባጎ መፈተሽ ይቻላል። ለጩኸቱ ሳሙና ወይም ቅባት መቀባት ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ በሽታውን አያድንም።

ለኮሚቴው የሚቀርቡ ጥያቄዎች

የቺንጋ ጥያቄ በቀረበ ጊዜ አምስት ነገሮች በቃለ ጉባኤ ይስፈሩ። የቀድሞው ቺንጋ ለምን ተበላሸ? ፑሊዎቹና ኩሽኔታዎቹ ተመርምረዋልን? የመኪናችን የቫኪዩም ፓምፕ በቺንጋ ይሠራልን? የሚገዛው ቺንጋ በቅርባችን ባለ ከተማ ይገኛልን? ሾፌራችን መንገድ ላይ ብቻውን ሊቀይረው ይችላልን? እነዚህ ከተመለሱ ውሳኔው አስቸጋሪ አይሆንም። ከውሳኔውም ጋር አንድ ትእዛዝ ይጨመር፤ ይኸውም የባትሪው ምልክት ሲበራ ወይም የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል ሾፌሩ ማንንም ሳያስፈቅድ መኪናውን አስተማማኝ ስፍራ ላይ ያቁም። የዘገየ ጭነት ነገ ይደርሳል፤ በቁልቁለት የደነደነ ፍሬን ግን ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል።