ቡችላን ጡት ከሚጥልበት ጊዜ አንሥቶ እስኪጎለምስ ድረስ ስለ መመገብ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የውሻን ታማኝነት ሲነግረን የኖረ ነው። በጤና አጠባበቅ ዓይን ለሚመለከተው ሰው ግን ይህ ቃል ሌላም ትምህርት አለው፤ ይኸውም ውሻ የበላውን ነገር ከነበሽታው ወደሚጮኽበት ቤት ይዞት ይገባል ማለት ነው። በቤቱ ንጹሕና በቂ ምግብ ያገኘ ውሻ ደጁን ሲጠብቅ ይውላል። ያላገኘው ግን ከቆሻሻ መጣያና ከእርድ ቦታ የለቀመውን በልቶ፣ ከማያውቀው ውሻ ጋራ ተናክሶ፣ ማታ ልጆች ወደሚጫወቱበት ግቢ ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን የቡችላን አመጋገብ የመረጥነው ለቡችላው ብቻ በማሰብ ሳይሆን፣ ከእርሱ ጋራ አብረው ለሚያድጉት ልጆች ጤናም በማሰብ መሆኑን አንባቢዎቻችን አስቀድመው እንዲረዱልን እንወዳለን።

1ኛ. ጡት ስለ ማስጣል

ቡችላ ሲወለድ ዓይኑ የተገጠመ፣ ጥርስ የሌለው፣ ገላውንም በራሱ ለማሞቅ የማይችል ፍጡር ነው። ዓይኑ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል፤ የወተት ጥርሱም ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ብቅ ይላል። እስከዚያ ድረስ የእናቱ ወተት ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ በነዚህ ሳምንታት በተለይ መመገብ የሚገባት እናቲቱ ናት፤ ብዙ ቡችሎች የምታጠባ ውሻ ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ምግብ ያስፈልጋታልና። እናቲቱን እያስራበ ቡችሎችዋን ለማወፈር የሚያስብ ሰው ምንጩን ደፍኖ ውሃ እንደሚጠብቅ ሰው ነው።

ጡት ማስጣል የሚጀመረው ከ3ኛው ሳምንት መጨረሻ እስከ 4ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን የሚፈጸመው በ7ኛው ወይም በ8ኛው ሳምንት ነው። ይህም ሥራ ቀስ በቀስ የሚደረግ እንጂ በአንድ ቀን የሚቈረጥ አይደለም። በመጀመሪያ በሚገባ የተቀቀለና እጅግ የደቀቀ ሥጋ፣ ወይም የተቀቀለ እንቁላል፣ ጨውና ቅመም በሌለው መረቅ ቀጥኖ፣ ለብ ብሎ፣ በዝርግ ሳሕን ይቀርብለታል። ከምግቡ ጥቂት በጣት ጫፍ ወስዶ ከንፈሩን ቢቀቡት መላስን ቶሎ ይማራል። በየሳምንቱ መረቁን እየቀነሱ ምግቡን ማወፈር፣ የሚበላበትንም ጊዜ ቀስ በቀስ በቀን ወደ 4 ከፍ ማድረግ ይገባል። ንጹሕ ውሃም ከዚሁ ጊዜ ጀምሮ ከአጠገቡ መለየት የለበትም።

በአገራችን ብዙ ሰዎች ቡችላን ገና በአንድ ወሩ ከእናቱ ወስደው የላም ወተት በውሃ አቅጥነው ይሰጡታል። ይህ ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው። የውሻ ወተት ከላም ወተት ይልቅ እጅግ የወፈረ ነው፤ ገንቢው ንጥረ ነገርና ስቡ ከላም ወተት እጥፍ ያህል ይሆናል። በላም ወተት ውስጥ የሚበዛው የወተት ስኳር ነው፤ እርሱም የቡችላውን ሆድ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የላም ወተት ውሃ ሲጨመርበት ከቀድሞውም ያነሰ ምግብ ይሆናል፤ ቡችላውም ሆዱ ተነፍቶ አጥንቱ ይወጣል። ቡችላ ከእናቱ መለየት የሚገባው 2 ወር ሲሞላው ነው።

2ኛ. ከ2 ወር እስከ 6 ወር

ይህ ጊዜ ቡችላ እጅግ ፈጥኖ የሚያድግበት ነው። በኪሎ ክብደቱ ሲታሰብ ለጎለመሰ ውሻ ከሚያስፈልገው እጥፍ ያህል ምግብ ይፈልጋል፤ ሆዱ ግን ትንሽ ስለ ሆነ በአንድ ጊዜ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ እስከ 3 ወር ድረስ በቀን 4 ጊዜ፣ ከ3 ወር እስከ 6 ወር በቀን 3 ጊዜ በተወሰነ ሰዓት መመገብ ያስፈልጋል።

በቤት የሚዘጋጀው ምግብ ከሦስት እጅ አንዱ የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ የቀረው በሚገባ የበሰለ ሩዝ፣ የገብስ ገንፎ ወይም እንጀራ፣ ከጥቂት የተቀቀለ ካሮት ወይም ዱባ ጋራ ቢሆን መልካም ነው። እንጀራ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ አካል አይገነባም። በአንጻሩም «ውሻ ሥጋ በል ነው» ብለው ሥጋ ብቻ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። በሥጋ ውስጥ አጥንትን የሚያጠነክረው ካልሲየም እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ በሥጋ ብቻ ያደገ ቡችላ እግሩ ይጎብጣል፣ ያነክሳል፣ አጥንቱም በቀላል ውድቀት ይሰበራል። ለዚህ በየወጥ ቤቱ የሚገኝ መፍትሔ አለ። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ እንደ ዱቄት አልሞ፣ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል መጨመር ነው። ከዚህ አብልጦ መስጠት ግን፣ ይልቁንም ትልቅ አካል ለሚኖራቸው ውሾች፣ አጥንታቸውን ያበላሻል። ከሱቅ የሚገዛ የቡችላ መኖ ለሚያበሉ ሰዎች ካልሲየሙ በመኖው ውስጥ ስላለ ሌላ መጨመር አይገባቸውም። በቤት የተዘጋጀ ምግብ ብቻ ለሚያበሉት ግን የእንስሳት ሐኪም አይቶ የጎደለውን ቢያመለክታቸው ይሻላል።

ስለ ጾም ወራት አንድ ቃል እንጨምር። በዐቢይ ጾም 55 ቀን በብዙ ቤት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይገኝም፤ የዚያን ቤት ፍርፋሪ የሚጠብቀው ቡችላም አብሮ ይጾማል። ጾም ግን ለሰው የተሠራ ሥርዓት እንጂ ለእንስሳ የታዘዘ አይደለም። በጾሙ መጀመሪያ ጡት የጣለ ቡችላ ጾሙ ሲፈታ ዕድገቱ የሚፈጥንበት ዘመን ግማሽ ያህሉ ያልፍበታል፤ በዚያን ጊዜ የጎደለውም በፋሲካ ቀን በሚጣልለት አጥንት አይመለስም። ስለዚህ በነዚህ ሳምንታት ለቡችላው እንቁላል ለብቻው ቀቅሎ መስጠት፣ ቅመምና ሽንኩርት ያልገባበት በሚገባ የበሰለ ምስርም በተጨማሪ ማቅረብ ይገባል።

3ኛ. ከ6 ወር እስኪጎለምስ ድረስ

ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ 28ቱ የወተት ጥርሶች ወድቀው በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ከ6 ወር በኋላ ምግቡን በቀን 2 ጊዜ ማድረግ ይበቃል። ትንሽ አካል ያላቸው ውሾች በአንድ ዓመት ያህል፣ እጅግ ትልልቆቹ ግን ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ይጎለምሳሉ። የጎለመሰ ውሻ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ ቢበላ ይበቃዋል።

ዕድገቱ ሲያበቃ የምግቡም መጠን መቀነስ አለበት፤ በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ያለ ልክ ከበላ ይወፍራልና። ልኩን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ የባለቤቱ እጅ ነው። ጎኑን ሲዳብሱት የጎን አጥንቱ በቀላሉ የሚቈጠር፣ ከሩቅ ሲያዩት ግን አፍጥጦ የማይታይ ከሆነ ውሻው በልኩ ተመግቧል።

4ኛ. ለቡችላ ስለማይሰጡ ምግቦች

ከሁሉ አስቀድሞ ወጥ ነው። በወጣችን ውስጥ የሚገባው ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ መብሰሉም ይህን ጉዳት አያስቀርም። ምልክቱ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለ ሆነ ባለቤቱ ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል፤ ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱም ይጠቁራል። በዶሮ ወጥ አጥንት ደግሞ ሁለት አደጋ ተደርቧል፤ አንዱ ሽንኩርቱ ነው፤ ሁለተኛው የበሰለ አጥንት ሲሰበር እንደ ስንጥር ሹል ሆኖ ጉሮሮንና አንጀትን መውጋቱ ነው።

ያልተጋገረ ሊጥ በሆዱ ውስጥ እየኮመጠጠ ይነፋል፣ አልኮልም ያወጣል፤ ስለዚህ ቡሖው ተከድኖ ቡችላ ከማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ። ወይንና ዘቢብ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ቸኮላታም መርዝ ይሆንበታል።

5ኛ. ስለ እርድ ቀንና ስለ ጥሬ ሆድ ዕቃ

አሁን ወደ ትምህርታችን ዋና ነገር ደርሰናል። በበዓል ቀን በግ በግቢ ታርዶ ሲበለት፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባ ወይም ጉበት ሲገኝ «ይህስ ለውሻ ነው» ተብሎ ሲጣል ብዙ ጊዜ አይተናል። ለሰው አይሆንም የተባለው ነገር በውሻው በኩል ዞሮ ወደ ሰው የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ከኮሶ ትል ወገን የሆነች፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር የምታንስ ትል ዘር አለ። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ትሎቹ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ፤ ከአንድ ወር በላይ ቈይተውም እንቁላል ይጥላሉ። ውሻው ሕመም አይታይበትም፤ ይበላል፣ ይጫወታል። እንቁላሎቹ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋራ ወጥተው በአፈሩና በጠጕሩ ላይ ይቀራሉ።

ልጅ ቡችላውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቈርስ እንቁላሉን ይውጠዋል፤ ከዚያም በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ እንደ በጉ ያለ ከረጢት ማደግ ይጀምራል። ከረጢቱ የሚያድገው በዝግታ ስለ ሆነ ሕመሙ የሚታወቀው ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ምናልባትም ውሻው ሞቶ ከተረሳ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሕሙማን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ይህ ከረጢት በአገራችን ቄራዎች በሚደረገው የሥጋ ምርመራ በከብትና በበግ ላይ የሚገኝ ነው።

አንባቢዎቻችን «የውሻን ምግብ በመለወጥ ብቻ ይህን ያህል በሽታ ይጠፋልን?» ብለው ቢጠይቁን፣ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናቀርባለን። አይስላንድ በግ የሚረባባት፣ ገበሬውም ያለ ውሻ የማይሠራባት ደሴት ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ የከረጢት በሽታ ሕዝቧን እጅግ ይጎዳ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1863 ሐራልድ ክራቤ የሚባል የዴንማርክ ሊቅ ወደዚያ ሄዶ 100 ውሾች መረመረ፤ በ28ቱም አንጀት ውስጥ ትሏን አገኘ። በ1864 በሕዝቡ ቋንቋ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ታትሞ በየቤቱ ታደለ፤ ጥሬ ሆድ ዕቃ ለውሻ እንዳይሰጥ፣ እጅም ከውሻ በኋላ እንዲታጠብ የሚያስተምር ነበረ። በ1869 ደግሞ ስለ ውሻ አያያዝ ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ በተወለደው ትውልድ በሽታው እየቀነሰ ሄደ፤ በ20ኛው መቶ ዓመትም ከደሴቲቱ ጠፋ። የአይስላንድ ገበሬ ውሻውን አልተወም፤ የተወው ለውሻው ጥሬ ሆድ ዕቃ መጣልን ነው።

ስለዚህ ከረጢት ያለበት ሆድ ዕቃ ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቈፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር። ጤናማ የሚመስለውም ቢሆን ለውሻ የሚሰጠው ከ40 ደቂቃ ያላነሰ ከተቀቀለ በኋላ ብቻ ነው።

6ኛ. ከምግቡ ጋራ ስለሚሄድ ጥንቃቄ

ቡችላ ብዙ ጊዜ ወስፋት ከእናቱ ማሕፀንና ከወተትዋ ይቀበላል። ስለዚህ 2 ሳምንት ሲሆነው የትል መድኃኒት ጀምሮ እስከ 8 ሳምንት በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያም እስከ 6 ወር በየወሩ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ይገባዋል። የዚህ ወስፋት እንቁላል በሰው ሲገባ የልጅን ዓይን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ነገር ግን በአፈር ላይ ከ2 ሳምንት ያላነሰ ካልቈየ አይጋባም፤ ዓይነ ምድሩን በየቀኑ አንሥቶ መቅበር እጅግ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

የቡችላው ሳሕን የራሱ ይሁን፤ ከቤተ ሰቡ ዕቃ ጋራ አይታጠብ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈው ምግብ ይነሣ፤ ዝንብን፣ አይጥንና የጎረቤት ውሻን ይጠራልና። ልጆች ቡችላውን ካበሉ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

መልካም ምግብ ክትባትን አይተካም። 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ፤ የእንስሳት ሐኪሙ በሚወስነውም ጊዜ ይደገምለት። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለማስታወስ የሚረዱ ጥያቄዎች

የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች እነዚህን ጥያቄዎች ከልጆቻቸው ጋራ እንዲነጋገሩባቸው እንመክራለን።

1. ቡችላ ከእናቱ የሚለየው በስንት ወሩ ነው?
2. የላም ወተት በውሃ አቅጥኖ መስጠት የማይገባው ስለ ምንድን ነው?
3. ሥጋ ብቻ የበላ ቡችላ ምን ይጎድለዋል? ከወጥ ቤታችንስ ምን ይጨመርለታል?
4. የወጥ ትራፊ ውሻን የሚጎዳው በምን ምክንያት ነው?
5. በመጪው በዓል በግቢያችን በግ ሲታረድ ሳንባውና ጉበቱ ወዴት ይሄዳል?

ለአምስተኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በቃል ብቻ አይደለም። መልሱን ከበዓሉ አስቀድሞ ጕድጓዱን የቈፈረ ቤት ያውቀዋል።