ኒኮቲን በስሌት፦ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚዎች ክልከላንና የኑሮ ውድነትን እንዴት ይቋቋማሉ?

የአንድ ሸቀጥ ዋጋ ሲንር ወይም ሽያጩ ሲከለከል ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ጥያቄው ለምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ብቻ የተተወ ሊመስል ይችላል። ሸቀጡ ሱስ የሚያስይዝ ንጥረ ነገር የያዘ ሲሆን ግን መልሱ ወደ ኬሚስትሪ፣ ወደ ፊዚክስና ወደ ሥነ ሕይወት ይዘልቃል። በዚህ ጽሑፍ በተለምዶ «ቬፕ» እየተባለ የሚጠራውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንደ ምሳሌ እንወስዳለን። ለማሳየት የምንሞክረውም ሕግና ዋጋ ሲለወጡ ተጠቃሚው የሚለውጠው የኪሱን ወጪ ብቻ ሳይሆን ወደ ሳንባው የሚያስገባውን ነገር ጭምር መሆኑን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሣሪያው አሠራር

የዘመናዊው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈጣሪ ተደርጎ የሚጠቀሰው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ሲሆን፣ ጊዜውም 2003 ነበር። መሣሪያው አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ባትሪ፣ የፈሳሽ መያዣ፣ ፈሳሹን የሚመጥ ጥጥ እና ጥጡን የሚያሞቅ የሽቦ ጥቅልል ናቸው። ፈሳሹ በአብዛኛው የፕሮፒሊን ግላይኮልና የግሊሰሪን ድብልቅ ሆኖ ኒኮቲንና ማጣፈጫ ይጨመርበታል። ፕሮፒሊን ግላይኮል በ188፣ ኒኮቲን በ247፣ ግሊሰሪን ደግሞ በ290 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላሉ። ኤሌክትሪክ በሽቦው ውስጥ ሲያልፍ ፈሳሹ ይተንና ወዲያው ቀዝቅዞ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይለወጣል። ስለዚህ በዓይን የሚታየው ነጭ ነገር ጢስ ሳይሆን የጠብታዎች ጉም ነው። ቅጠል ስለማይቃጠል እንደ ሲጋራ ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት አይወጣም። ይህ ማለት ግን ከጉዳት ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ሕጉና ዋጋው፦ የብሪታንያ ምሳሌ

የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2016 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው መመሪያ መሠረት ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ኒኮቲን መያዝ አይችልም። የመሙያ ጠርሙሱ ከ10፣ የመሣሪያው መያዣም ከ2 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። በወቅቱ የኅብረቱ አባል የነበረችው ብሪታንያም እነዚህን ገደቦች በራሷ ሕግ አጽድቃለች።

ከዚያ በኋላ የመጡት ለውጦች ጠንከር ያሉ ናቸው። ለአንድ ጊዜ አገልግለው የሚጣሉ ቬፖች ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ በመላ ብሪታንያ እንዳይሸጡ ታገዱ። ለዚህ የቀረቡት ዋነኛ ምክንያቶች የታዳጊዎች ተጠቃሚነት መስፋፋትና የባትሪ ቆሻሻ መከማቸት ነበሩ። በኖቬምበር 2024 ለፓርላማ የቀረበው ረቂቅ ሕግም መንግሥት ጣዕሞችንና ማሸጊያዎችን የመገደብ ሥልጣን እንዲኖረው የሚያደርግ ነው። ከዚህም በተጨማሪ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በእያንዳንዱ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ላይ 2.20 ፓውንድ ልዩ ታክስ እንዲጣል ተወስኗል። ታክሱ ኒኮቲን የሌለውን ፈሳሽም ይጨምራል፤ በላዩ ላይም 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። አጫሾች ከቬፕ ወደ ሲጋራ እንዳይመለሱም በትምባሆ ላይ ተመጣጣኝ ጭማሪ አብሮ ታውጇል። ይህ ሁሉ የመጣው ዓመታዊ የዋጋ ንረቱ በኦክቶበር 2022 እስከ 11.1 በመቶ ደርሶ የቤተሰብን ኪስ ካራቆተ በኋላ ነው።

ሰውነት የሚሻው መጠን

ተጠቃሚው ለዚህ የሚሰጠውን ምላሽ ለመረዳት አንድ ቀላል ቀመር ይበቃናል።

የኒኮቲን መጠን = ጥንካሬ × ይዘት

ጥንካሬ ስንል በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለውን የኒኮቲን ሚሊ ግራም፣ ይዘት ስንል ደግሞ በቀን የሚተነውን የፈሳሽ ሚሊ ሊትር ማለታችን ነው። ወደ ደም የሚደርሰው ከዚህ ውጤት ያነሰ ቢሆንም ግንኙነቱ አይለወጥም።

ሱስ የያዘው አንጎል የለመደውን የኒኮቲን መጠን ለማግኘት ይገፋል። በ2018 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት 20 ልምድ ያላቸውን ተጠቃሚዎች በ6 እና በ18 ሚሊ ግራም ጥንካሬ እያፈራረቀ ተከታትሏል። ጥንካሬው ሲቀነስ ተጠቃሚዎቹ ብዙ ጊዜና ረዘም አድርገው መሳብ ጀመሩ፤ ለፎርማልዴሃይድ መጋለጣቸውም የመጨመር አዝማሚያ አሳየ። ይህን የመሰለው ጠባይ «ማካካስ» ይባላል።

ከዚህ በመነሣት አንዱን የቁጠባ ዘዴ መመዘን እንችላለን። ፈሳሹን በማቅጠን ጠርሙሱ ሁለት እጥፍ እንዲቆይ ማድረግ ቆጣቢ ይመስላል። ሆኖም ወጥ በውኃ ቢቀጥን ድስቱ ይሞላል እንጂ ሥጋው አይጨምርም። ጥንካሬው በግማሽ ሲቀንስ የሚሳበው ይዘት እጥፍ ይሆናል፤ ሳንባም እጥፍ ጉም ይቀበላል።

ታክሱ በሚሊ ሊትር ሲሆን

ሁለት ተጠቃሚዎችን በሐሳባችን እንውሰድ። «ሀ» በአነስተኛ መሣሪያ 20 ሚሊ ግራም ጥንካሬ ያለውን ፈሳሽ በቀን 2 ሚሊ ሊትር ይጠቀማል። «ለ» ደግሞ በትልቅ መሣሪያ 4 ሚሊ ግራም ጥንካሬ ያለውን በቀን 10 ሚሊ ሊትር ይጨርሳል። ሁለቱም በቀን የሚያተኑት 40 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ነው። በ30 ቀን ግን «ሀ» 60 ሚሊ ሊትር ስለሚፈጅ ልዩ ታክሱ 13.20 ፓውንድ ይሆንበታል። «ለ» 300 ሚሊ ሊትር ስለሚፈጅ 66 ፓውንድ ይከፍላል። ለእኩል ኒኮቲን የተከፈለው ታክስ የአምስት እጥፍ ልዩነት አለው ማለት ነው።

በማርች 2024 የቀረበው የመጀመሪያው ሐሳብ እንደ ጥንካሬው 1፣ 2 ወይም 3 ፓውንድ የሚያስከፍል ነበር። በኋላ አንድ ወጥ ተመን ተመረጠ። አንድ ወጥ ተመን ለቁጥጥር ቀላል ነው፤ ነገር ግን የዋጋው ግፊት «ለ»ን ወደ «ሀ» መንገድ ይመራዋል። ይህን መንገድ የከፈተውም ኬሚስትሪ ነው። ኒኮቲን ቤዝ እንደ መሆኑ ብቻውን ሲሆን ጉሮሮን ይከረክራል። እንደ ቤንዞይክ አሲድ ያለ አሲድ ሲጨመርበት ወደ ጨውነት ይለወጥና ክርከራው ይለዝባል፤ በዚህም ጠንካራ ፈሳሽ ያለ ችግር ይሳባል። ሲጋራ ትቶ ወደ ቬፕ ለተሻገረ ጎልማሳ ይህ አነስተኛ ጉም ለመሳብ ሊረዳው ይችላል። ገና ለሚጀምር ታዳጊ ግን አንጎሉ በዕድገት ላይ ሳለ ወደ ሱስ የሚያደርሰውን ጎዳና ያሳጥርበታል። አንድ ተመን በሁለት ሰዎች ላይ ሁለት የተለያየ ውጤት ያስከትላል ማለት ነው።

ኩሽናው ቤተ ሙከራ ሲሆን

ሌላው የተለመደ ዘዴ በቤት ውስጥ መቀላቀል ነው። የ10 ሚሊ ሊትር ገደብ የሚመለከተው ኒኮቲን ያለውን ፈሳሽ ብቻ በመሆኑ፣ ነጋዴዎች 50 ሚሊ ሊትር ኒኮቲን አልባ ፈሳሽ ከአንድ ባለ 10 ሚሊ ሊትር የኒኮቲን ጠርሙስ ጋር መሸጥ ጀመሩ። የሁለተኛው ጥንካሬ 18 ቢሆን በውስጡ ያለው ኒኮቲን 180 ሚሊ ግራም ነው፤ በጠቅላላው 60 ሚሊ ሊትር ሲካፈል 3 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ይሆናል። አዲሱ ታክስ ግን ለ60ውም ሚሊ ሊትር ስለሚታሰብ የዚህ ዘዴ የዋጋ ጥቅም ይቀንሳል።

በአንጻሩ ጠበቅ ያለ ገደብ በሌለባቸው አገሮች 100 ሚሊ ግራም ጥንካሬ ያለው ፈሳሽ ተገዝቶ በቤት ውስጥ ይቀጥናል። 6 ሚሊ ግራም ጥንካሬ ያለው 30 ሚሊ ሊትር ለማግኘት የሚያስፈልገው 180 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 1.8 ሚሊ ሊትር ነው። ነጥቧ ተዘንግታ 18 ሚሊ ሊትር ቢጨመር ጥንካሬው 60 ይሆናል። በፋብሪካ እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚይዝ የጥራት ቁጥጥር አለ፤ በኩሽና ውስጥ ግን የለም።

ኒኮቲን በቆዳም በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ለብዙ ዘመን አዋቂን የሚገድለው መጠን 60 ሚሊ ግራም ያህል እንደ ሆነ በመማሪያ መጻሕፍት ሲጻፍ ቆይቷል። በርንድ ማየር የተባሉ የግራትስ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ በ2014 ይህ ቁጥር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተደረጉ አጠራጣሪ ሙከራዎች ላይ የተመሠረተ መሆኑን አሳይተው፣ ትክክለኛው ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ሳይሆን እንደማይቀር አስልተዋል። ይሁን እንጂ የሕፃን ክብደት የአዋቂን ትንሽ ክፍልፋይ ብቻ ነው። በ2018 በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በቤት ውስጥ ለመቀላቀል የተዘጋጀ የኒኮቲን ፈሳሽ ቀምሶ ሞቷል።

ከሽቦውና ከባትሪው መቆጠብ

አንዳንዶች ያረጀውን የሽቦ ጥቅልል ሳይለውጡ ይቆያሉ፤ ሌሎች ኃይሉን ከፍ አድርገው ብዙ ጉም ለማግኘት ይሞክራሉ። የኤሌክትሪክ ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር እንደሚያድግ ከፊዚክስ ትምህርት እናስታውሳለን። ስለዚህ ተቃውሞው ሳይለወጥ ቮልቴጁ ከ3.3 ወደ 5 ከፍ ቢል ኃይሉ 2.3 እጥፍ ያህል ይሆናል። በ2015 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት በ3.3 ቮልት ያላገኘውን ፎርማልዴሃይድ አመንጪ ውሁድ በ5 ቮልት አግኝቷል። ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያ ሙቀት ጣዕሙ ስለሚመር ሰው አይስበውም ሲሉ ተቃውመዋል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ጥጡ ሲደርቅና ሽቦው በዝቃጭ ሲሸፈን ሙቀቱ ከልክ ያልፋል። ለመጣል የተሠራን መሣሪያ ፈልፍሎ ዳግመኛ ባትሪውን ለመሙላት መሞከርም ሊቲየም ባትሪው እንዲቀጣጠል ሊያደርግ ይችላል።

ማከማቸትና ምንጩ ያልታወቀ ፈሳሽ

ክልከላ ሲቃረብ ማከማቸት የተለመደ ነው። ኒኮቲን ግን ከኦክሲጅን፣ ከብርሃንና ከሙቀት ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ኦክሳይድ ሆኖ ወደ ቡናማነት ይለወጣል። ቅዝቃዜና ጨለማ ሂደቱን ያዘገዩታል፤ ይሁንና ከምግብ ጋር በአንድ ማቀዝቀዣ ማስቀመጥ የቪክቶሪያውን ዓይነት አደጋ ይጋብዛል።

ከሁሉ የከፋው ከድብቅ ገበያ መግዛት ነው። በ2019 በአሜሪካ የታየው ከባድ የሳንባ ጉዳት እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ 2,807 ሰዎችን ለሆስፒታል ወይም ለሞት ዳርጓል፤ ከእነዚህ ውስጥ 68ቱ ሞተዋል። በአብዛኛው የተያያዘውም ከኒኮቲን ጋር ሳይሆን ከካናቢስ በተሠራና ከመደበኛ ገበያ ውጭ በተገዛ ፈሳሽ ነበር። ማወፈሪያ ሆኖ የተጨመረው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ከተመረመሩ 51 ሕሙማን በ48ቱ የሳንባ ፈሳሽ ውስጥ ተገኝቷል። ሲዋጥ ደህና የሆነ ነገር ሲተነፈስ ደህና እንዳልሆነ ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ማጠቃለያ

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስመጣትም ሆነ መሸጥ ይከለክላል። በመሆኑም አንድ ሰው በእጁ የሚያገኘው ቬፕ በሕጋዊ የጥራት ምርመራ ያላለፈ ነው፤ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር የሚያረጋግጥለት የለም። ያልጀመረ ሰው ከላይ የዘረዘርነውን ስሌት ሁሉ መሥራት አያስፈልገውም። ሕግ አውጪም ሆነ ታክስ ተማኝ ግን ስሌቱን ቀድሞ ቢሠራ፣ የከለከለው ነገር በየትኛው በር ተመልሶ እንደሚገባ አስቀድሞ ማየት ይችላል።

የመለማመጃ ጥያቄ

18 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ጥንካሬ ያለው 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ከ20 ሚሊ ሊትር ኒኮቲን አልባ ፈሳሽ ጋር ተቀላቀለ።
ሀ) የድብልቁ ጥንካሬ ስንት ነው?
ለ) በቀን 36 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ለለመደ ሰው ድብልቁ ስንት ቀን ይበቃዋል?
ሐ) የመጀመሪያው 10 ሚሊ ሊትር ሳይቀላቀል ቢወሰድስ ስንት ቀን ይበቃዋል?
መ) በብሪታንያው ተመን በሁለቱ ላይ የሚከፈለው ልዩ ታክስ ስንት ስንት ነው?

የ«ለ» እና የ«ሐ» መልሶች ለምን እኩል እንደ ሆኑ፣ የ«መ» መልሶች ደግሞ ለምን እንደ ተለያዩ በራሱ አገላለጽ ማስረዳት የቻለ አንባቢ የዚህን ጽሑፍ ፍሬ ነገር ጨብጧል።