ለታመመ ሰው እውነቱ ይነገረውን?
በሥነ ምግባር ጥያቄ ላይ በማስተዋል ስለ መፍረድ



ኅሊና ያለ ትምህርት በትክክል አይፈርድም። ስለዚህ አንድ ምሳሌ ይዘን እንመርምር። ሊድን በማይችል ሕመም የተያዙ አረጋዊ አባት በክሊኒክ ተኝተዋል። ልጆቻቸው ነርሷን፣ «እባክሽ እኅታችን፣ ደኅና ይሆናሉ በያቸው፤ እውነቱን ከሰሙ ልባቸው ይሰበራል» እያሉ ይለምኗታል። እርሳቸው ግን ብቻዋን ሲያገኟት፣ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ እድናለሁ ወይ?» ይሏታል።

መርዶን እንኳ በጥንቃቄ መንገር ባህላችን ነውና፣ የልጆቹ ልመና ከፍቅር የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ፍቅራቸው ብቻውን ጥያቄውን አይፈታውም። ሊቃውንት ሦስት መንገዶችን አመልክተዋል።

1ኛ/ ግዴታን የሚያስቀድም። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ዓ.ም. ሰው እንደ መሣሪያ ብቻ ሊቈጠር እንደማይገባ አስተማረ፤ በ1797 ዓ.ም. ደግሞ ለነፍሰ ገዳይ እንኳ መዋሸት እንደማይፈቀድ ጻፈ። ይህ መንገድ የሰውን ክብር ይጠብቃል፤ እውነቱ መቼና እንዴት እንደሚነገር ግን አያሳይም።

2ኛ/ ውጤትን የሚመዝን። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል (1863) የሥራን መልካምነት በሚያስገኘው ደስታ ይለካል። ውሸቱ የአንድ ሌሊት ሰላም ይሰጥ ይሆናል፤ ነገር ግን አረጋዊው ለመናዘዝ፣ ከተጣሉት ጋር ለመታረቅና ለመናዘዣ ቃላቸው የቀራቸውን ጊዜ ይነጥቃል። ደግሞስ ውጤትን ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቅ ማን ነው?

3ኛ/ መልካም ጠባይን የሚመለከት። አርስቶትል፣ ከእርሱም በኋላ ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ፣ ምግባራትን ሁሉ የምትመራው አስተዋይነት መሆኗን አስተምረዋል። አስተዋይ ሰው እውነትን በተገቢው ጊዜና በርኅራኄ ይናገራል።

ቤተ ክርስቲያንስ ምን ትላለች? እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የወጣው ትምህርተ ክርስቶስ (ቍ. 1750) የሥራው ዓይነት፣ የሠሪው ሐሳብና ሁኔታው አብረው እንዲመዘኑ ያስተምራል። በጎ ሐሳብ ክፉውን ሥራ መልካም አያደርገውም (ቍ. 1753)። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. «ቬሪታቲስ ስፕሌንዶር» በተባለው መልእክታቸው ይህንኑ አጽንተዋል። እውነትን ለማያገባው ሰው መግለጥ ግን ግዴታ አይደለም (ቍ. 2489)። እንግዲህ መዋሸትና ዝም ማለት አንድ አይደሉም።

በምሳሌያችን ጠያቂው ባለ ሕይወቱ ራሳቸው ናቸው፤ እውነቱ ያገባቸዋል። ስለዚህ ነርሷ «ይድናሉ» ልትል አይገባትም። ፍርዱንም በድንገት ልታወርድባቸው አይገባም። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ በቅድሚያ ትጠይቃቸው፤ ሐኪሙ እንዲያነጋግራቸው ታድርግ፤ ልጆቹንም አባታቸው የሚሰናበቱበት ጊዜ እንደሚያስፈልጋቸው ታስረዳ። ካህን ተጠርቶ ምስጢረ ንስሐና ምስጢረ ቀንዲል እንዲቀበሉ ማገዝም ይገባል። አረጋዊው «አልሰማም» ቢሉ ዝምታዋ ኃጢአት አይሆንባትም።

ለውይይት፦
ሀ/ በቤታችሁ ሕመም ቢገባ እውነቱን የሚነግር ማን ቢሆን ይሻላል? ስለ ምን?
ለ/ ከፍቅር የተነሣ የተነገረ ውሸት ማንን ይጠቅማል፤ የታመመውን ወይስ ተናጋሪውን?